ጀበናው ጥቁር አይደለም

ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ጡረታ በወጡ በሁለተኛው ዓመት ሥዕል ጀመሩ። አንድ እሁድ ከቡና በኋላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ወረቀት ይዘው መጡና ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። ጀበና፣ ሦስት ሲኒ፣ ከጎናቸው አንድ ሎሚ። ጀበናው ጥቁር፣ ሲኒዎቹ ነጭ፣ ሎሚው ቢጫ። ሁሉም በየቦታው አለ። «ልጄ፣ ምኑ ላይ ነው የሳትኩት? ከወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ነው የሚመስለው። እጄ አልታዘዝ አለኝ መሰለኝ» አሉኝ።

እጃቸው ምንም አልሆነም። ለሠላሳ ምናምን ዓመት በሕፃን ክንድ ላይ ደም ሥር ፈልጎ ሲያገኝ የኖረ እጅ የሲኒ ጠርዝ አያቅተውም። በትርፍ ጊዜያችን ሥዕል የምንሞክር ሰዎች ሥራችን አላምር ሲል መጀመሪያ የምንከሰው እጃችንን ነው፤ ቀጥሎ ብሩሹን፤ በመጨረሻ «ተሰጥኦ የለኝም» ብለን እናርፋለን። ከብዙ የተበላሸ ወረቀት በኋላ እኔ የደረስኩበት ሌላ ነው። የሚሳሳተው እጅ ሳይሆን ዓይን ያየውን ተቀብሎ ቶሎ ስም የሚያወጣው አንጎል ነው።

«ጀበናው ምን ዓይነት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ጥቁር ነዋ!» አሉ። ሲኒውስ? «ነጭ።» ከብስኩት ካርቶን ላይ አንድ ቁራጭ ቆረጥኩና መሐሉን የሽምብራ ፍሬ በምታህል ቀዳዳ በሳሁት። ጀበናውንና ሲኒውን መስኮቱ ሥር አስቀመጥኳቸው። «አንድ ዓይንዎን ይጨፍኑና በዚህች ቀዳዳ የጀበናውን ሆድ ይዩት፤ መስኮቱ የሚያብለጨልጭበትን ቦታ። አሁን ደግሞ የሲኒውን ጎን፣ በጥላ በኩል ያለውን።» ዝም አሉ። ካርቶኑን አንሥተው አዩ፤ መልሰው በቀዳዳው አዩ። ከጀበናው የምትታየው ቁራጭ ፈካ ያለች ግራጫ ናት። ከሲኒው የምትታየው ደግሞ ከእርሷ የጠቆረች ናት። «ጥቁሩ ከነጩ ነጣ እኮ!» አሉ።

ይህ የአንጎል ስንፍና አይደለም፤ እንዲያውም ትጋቱ ነው። አንጎላችን የተሠራው ለኑሮ ነው። ሲኒ ጠዋትም ማታም፣ ፀሐይ ላይም ጥላ ውስጥም ያው ሲኒ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ ስለዚህ ብርሃን የሚያመጣውን ልዩነት እየቀነሰ «ነጭ» ብሎ ያሳርፈናል። ምን ያህል እንደሚቀንስ ለማወቅ ጋዜጣ ይዛችሁ ደጅ ውጡ። ጠራራ ፀሐይ ላይ የተያዘው ጋዜጣ ጥቁር ፊደል፣ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ነጭ ወረቀት የበለጠ ብርሃን ወደ ዓይናችን ይልካል። እኛ ግን ሁለቱንም ቦታ ፊደሉን ጥቁር፣ ወረቀቱን ነጭ አድርገን እናያለን። ለማንበብ ይህ በረከት ነው፤ ለመሳል ግን እንቅፋት ነው። እትዬ የሳሉት ያዩትን ሳይሆን የሚያውቁትን ነበር፤ «ጥቁር ጀበና» የሚለውን ቃል ነው ቀለም የቀቡት።

እንግዲህ የመሻሻል ሁሉ መነሻ አንድ ልማድ ነው፤ የዕቃውን ስም ትቶ በላዩ የወደቀውን ብርሃን መለካት። ከነጭ እስከ ጥቁር አምስት እርከን በቂ ነው። በወረቀት ዳር አምስት ትናንሽ ካሬ ሥሩና በእርሳስ ወይም በጥቁርና በነጭ ቀለም ሙሏቸው፤ አንደኛው ነጭ፣ አምስተኛው ጥቁር፣ በመሐል ሦስት ግራጫ እኩል በእኩል እየጨመሩ የሚጠቁሩ። ቀላል ይመስላል፤ ሦስቱን ግራጫዎች እኩል ለማራራቅ ግን እኔ ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል። ከዚያ ዕቃውን ስታዩ ዓይናችሁን ጠበብ አድርጉት፣ ሊያንቀላፋ እንደሚል ሰው። ዝርዝሩ ይጠፋና ትልልቁ ብርሃንና ትልልቁ ጥላ ብቻ ይቀራል። በስልክ ፎቶ አንሥቶ ወደ ጥቁርና ነጭ መቀየርም ያግዛል፤ ነገር ግን ስልክ ጥላን ከዓይን ይልቅ አጥቁሮ የመያዝ ልማድ ስላለው የመጨረሻ ዳኛ አታድርጉት።

የእትዬ ጀበና ተለጥፎ የታየበት ምክንያት ግን ሁለት ነበር። አንደኛውን አሁን ተናገርኩ። ሁለተኛው ጠርዙ ነው። ጀበናውን ዙሪያውን በአንድ ዓይነት ሹል መስመር ነበር የከበቡት። እውነተኛውን ጀበና አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስታዩት ግን ጠርዙ በየቦታው ይለያያል። በመስኮቱ በኩል ቁልጭ ብሎ ይለያል፤ በጥላው በኩል ከኋላው ካለው ጨለማ ግድግዳ ጋር ይቀላቀልና የት እንዳለቀ አይታወቅም። ጠርዙ የጠፋበትን ቦታ በሥዕሉም ላይ ማጥፋት ድፍረት ይጠይቃል፤ እጅ «ይህ የዕቃው ድንበር ነው፣ አልነካም» ይላል። ብሩሹን አርጥቦ ያንን ድንበር ማደብዘዝ ግን ጀበናውን ከወረቀቱ ያላቅቀዋል።

ጥላውም የራሱ ሥርዓት አለው። ጀበናው ጠረጴዛው ላይ የሚጥለው ጥላ ከሁሉ የሚጠቁረው የጀበናው መቀመጫ ጠረጴዛውን ወይም ማቶቱን በሚነካበት ቀጭን መስመር ላይ ነው፤ እዚያ ብርሃን ሊገባ አይችልም። እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል፣ ጠርዙም ይለሰልሳል። ያቺን ቀጭን ጥቁር መስመር ያልሳለ ሰው ዕቃው አየር ላይ ተንሳፍፎ ይቀርበታል። በተቃራኒው ሁላችንም የምናበዛት አንዲት ነገር አለች፤ ከነጭ የጠረጴዛ ልብስ ተንጸባርቃ በጀበናው ሆድ ሥር የምትታየው ደብዛዛ ብርሃን። ስናገኛት ደስ ስለሚለን ከልክ በላይ እናነጣታለን። እርሷ የጥላው ቤተሰብ ናት፤ በዚያው ዕቃ ላይ በብርሃን በኩል ካለው ከማንኛውም ቦታ ትጠቁራለች።

እዚህ ላይ እትዬ ያነሡትን ጥያቄ ማለፍ አልፈልግም። «የቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጥላ የለው፣ ምን የለው፤ ግን ያምር የለም እንዴ?» አሉኝ። ልክ ናቸው። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ጥላ ስላልቻሉ አይደለም የተዉት። ቀለሙን ጠፍጣፋ አድርገው ሞልተው፣ ሥራውን ለመስመሩና ለዓይኖቹ ሰጡት፤ ቅዱሱን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን በጎን በአንድ ዓይን ማሳየት ራሱ አንድ ቋንቋ ነው። በጎንደር ሁለተኛው የአሣሣል ዘመን ደግሞ ፊትና ልብስ ላይ ብርሃንና ጥላ እየገባ መጣ። ያ መንገድ የሚማርካችሁ ከሆነ የምትለማመዱት ሌላ ነገር ነው፤ ሳይንቀጠቀጥ ከትከሻ የሚመጣ መስመር፣ ቀለም ከቀለም ጎን ሲቀመጥ የሚሆነው። ሁለቱን መንገድ ሳያውቁ ማደባለቅ ነው የሚጎዳው፤ በጠፍጣፋ ጀበና ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ጣል አድርጎ ብርሃን ሆነልኝ ማለት።

ቀለም ከቀለም ጎን ሲቀመጥ ስለሚሆነው ነገር የማልጠግበው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1824 ሚሼል ኤዤን ሼቭረል የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በፓሪስ ጎብላን በሚባለው የንጉሥ የምንጣፍና የመጋረጃ ሽመና ቤት የቀለም ማቅለሚያው ኃላፊ ሆነ። ከደረሱት አቤቱታዎች አንዱ ስለ ጥቁሩ ክር ነበር፤ ሰማያዊና ወይን ጠጅ ጥለት መሐል ሲገባ ጥቁሩ ደከም ይላል ተባለ። ክሩን መረመረው፤ ማቅለሚያው ምንም አልጎደለውም። ጥፋቱ ያለው ከጎኑ የተቀመጠው ቀለም ላይ ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዱ ቀለም ጎረቤቱን ወደ ተቃራኒው ይገፋል፤ ቀይ ጎረቤቱን ወደ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወደ ብርቱካናማ፣ ጨለማ ወደ ብርሃን። ሼቭረል ይህን በ1839 በመጽሐፍ አሳተመው፤ ከዚያ በኋላ የመጡ የፈረንሳይ ሠዓሊዎች አብዝተው ተጠቀሙበት።

ለእኛ ወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚሆነው ትምህርት ይህ ነው። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ የምትጥሉት የመጀመሪያ ቀለም ሁሉ ከልክ በላይ ጨለማ ሆኖ ይታያችኋል፤ ጎረቤቱ ነጭ ነውና። ፈርታችሁ ታቀጥኑታላችሁ። ወረቀቱ ሲሞላ ሥዕሉ በሙሉ የገረጣ ሆኖ ይገኛል። መፍትሔው ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀቱን ወይም ሸራውን በሳሳ ቡናማ ወይም ግራጫ መቀባት ነው፣ የአፈር ወይም የደረቀ ሣር ዓይነት። ያኔ ብርሃኑም ጥላውም ከመሐል ይነሣል፤ ነጩንም ስታስቀምጡት እንደ ብርሃን ያበራል።

አሁን ወደ ሁላችንም እሮሮ ልምጣ፤ ቀለሙ ጭቃ ሆነብኝ። ቀለም ብርሃን አይጨምርም፤ ይበላል። ነጭ ብርሃን ውስጥ ቀለማት ሁሉ አሉ። ቢጫ ቅብ ሰማያዊውን ብርሃን ይበላና ሌላውን ይመልሳል። ሰማያዊ ቅብ ቀዩንና ቢጫውን ይበላል። ሁለቱ ሲደባለቁ ሁለቱም ያልበሉት አረንጓዴ ብቻ ይተርፋል፤ አረንጓዴ የምናየው ለዚህ ነው። ቀይ ስትጨምሩ እርሱ ደግሞ አረንጓዴውን ይበላል። አንድ ተጨማሪ ቀለም በገባ ቁጥር አንድ ተጨማሪ ተመጋቢ ማዕዱ ላይ ቀረበ ማለት ነው፤ አራትና አምስት ሲሆኑ የሚተርፍ ብርሃን የለም፤ የሚቀረው ያ የምናውቀው አመድማ ቡናማ ነው።

ብዙ ሰው ሁለት ቀለም ብቻ ደባልቆም ጭቃ ያገኛል፤ «ቢጫና ሰማያዊ አረንጓዴ ይሆናል አልተባለም?» ይላል። ሁለት ብቻ መስለውት ነው እንጂ ሦስት ናቸው። ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቢጫ በውስጡ ቀይ አለበት። አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ ደግሞ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ እርሱም ቀይ አለበት። ሁለቱን ስትደባልቁ የተደበቀው ቀይ አረንጓዴውን ያደበዝዘዋል። የወይራ ቅጠል ለመሳል ይህ ደብዛዛ አረንጓዴ ግሩም ነው። የሎሚ ቅጠል ከፈለጋችሁ ግን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ የሎሚ ቢጫና ፍታሎ የሚባለውን ሰማያዊ ውሰዱ። ቱቦው ጀርባ ላይ በጥቃቅን ጽሑፍ የማቅለሚያው መለያ አለ። ለምሳሌ አልትራማሪን «ፒ ቢ 29» ነው። አንድ መለያ ብቻ ያለው ቱቦ ስትደባልቁት ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። ሦስት መለያ የተደረደረበት ግን ገና ሳትከፍቱት ድብልቅ ነው።

ለዚህ ነው ሃያ አራት ቀለም ያለውን ሣጥን አትግዙ የምለው። ዋጋው አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ጉዳቱ ግን መደባለቅን አለማስተማሩ ነው። ስዊድናዊው ሠዓሊ አንደርስ ዞርን ለብዙ ሥራዎቹ፣ በተለይ ለሰው ፊት፣ በአራት ቀለም ይታወቃል፤ የሎ ኦከር የሚባለው ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ። ሰማያዊ የለም! ጥቁርና ነጭ ተደባልቆ የሚገኘው ግራጫ ከሞቃቶቹ ቀለማት ጎን ሲቀመጥ ሰማያዊ መስሎ ይታያል፤ ሼቭረል ያሳየው ያው ግፊያ ነው። ጥቁርና የሎ ኦከር ሲገናኙ ደግሞ ደብዛዛ አረንጓዴ ይወጣል። በእነዚህ አራት ቱቦዎች ሁለት ወር ብትሠሩ ሃያ አራቱ ካስተማሯችሁ በላይ ታውቃላችሁ።

ስለ ፊት ካነሣሁ አይቀር አንድ የሚያሳዝነኝን ነገር ልናገር። ከውጭ አገር ቪዲዮ የሚማሩ ልጆቻችን ለሮዝማ ቆዳ የተዘጋጀውን ድብልቅ ይወስዱና የእኛን ፊት ለማምጣት ጥቁር ይጨምሩበታል። ፊቱ አመድ የተነፋበት ይመስላል። የእኛ ቆዳ የጠቆረ ሮዝ አይደለም። ከቡናማው ጀምሩ፣ በርንት ሲዬና ከሚባለው። ለማጥቆር ጥቁር ሳይሆን አልትራማሪን ጨምሩ፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጥቁረት ሕይወት አለው። ግንባርና ጉንጭ ላይ የምታበራዋን ነጥብ ደግሞ በደፈናው ነጭ አታድርጓት። መስኮቱ ሰማይ የሚያሳይ ከሆነ በጠይም ቆዳ ላይ ያቺ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ታደላለች። የእናቴን ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ እናቴን አስመስዬ የሳልኩት ይህን ካየሁ በኋላ ነው።

ቀለሙ ራሱ ምንድን ነው? የተፈጨ ዱቄትና አጣባቂ። ዱቄቱ በሁሉም ዓይነት ቀለም ያው ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው አጣባቂው ነው፤ አጣባቂዎቹም አብዛኞቹ ለወጥ ቤታችን ሩቅ አይደሉም። የውሃ ቀለም አጣባቂው የግራር ሙጫ ነው። ሙጫ ከደረቀም በኋላ ውሃ ሲያገኝ ይሟሟል፤ ስለዚህ የደረቀውን ቀለም በእርጥብ ብሩሽ ደጋግማችሁ ስትነኩት ሥሩ ይነሣና ይጨቀያል። አንዴ አስቀምጦ እጅን መሰብሰብ ነው ሥርዓቱ። ዱቄቱን በእንቁላል አስኳልና በትንሽ ውሃ ማሸት ደግሞ የዘይት ቀለም ከመስፋፋቱ በፊት አውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የሠራበት ዘዴ ነው። አስኳል የነካው ሳህን ሳይታጠብ ሲያድር እንዴት እንደሚጣበቅ እቃ ያጠበ ሰው ሁሉ ያውቃል።

የዘይት ቀለም አጣባቂ ተልባ ነው፤ ያው በጾም የምንጠጣው ተልባ ዘይቱ ተጨምቆ። የተልባ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን እየሳበ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ቀስ በቀስ ወደ ጠንካራ ሽፋን ይለወጣል። የዘይት ጠርሙስ አፍ ላይ ሰንብቶ እንደ ሙጫ የሚያጣብቀው ነገር የዚያው ሂደት ታናሽ ወንድም ነው። ስለዚህ ከሥር ያለው ቅብ ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ ያለው ዘይቱ የበዛ መሆን አለበት፤ ከተገላበጠ የላዩ ቀድሞ ይደርቅና የሥሩ ገና ሲንቀሳቀስ ይሰነጥቀዋል። ከዚህ ጋር አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፣ እባካችሁ አትለፉት። ኦክስጅን ሲስብ ሙቀት ይፈጥራል። የተልባ ዘይት የጠገበ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ፣ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሊነድ ይችላል። ጨርቁን ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት፤ ወይም ውሃ ባለበት ክዳናም ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት።

አብዛኛው ጀማሪ ዛሬ የሚይዘው አክሪሊክ ነው። አጣባቂው ውሃ ውስጥ የተንሳፈፉ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ናቸው። ውሃው ሲተን ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው አንድ ሽፋን ይሆናሉ፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ አይፈታውም። እርጥብ ሳለ አጣባቂው እንደ ወተት ነጣ ይላል፤ ሲደርቅ ግን ጥርት ይላል። ማታ ያማረ ድብልቅ ጠዋት ጠቆር ብሎ የሚጠብቃችሁ ለዚህ ነው። በቁራጭ ወረቀት ላይ ሞክራችሁ ሳታደርቁ አትቀጥሉ። አዲስ አበባ በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሳህኑ ላይ ያለው ቀለም ዓይናችሁ እያየ ይጠነክራል። ክዳን ያለው የምግብ ዕቃ ውስጥ እርጥብ ሶፍት አንጥፉ፤ በላዩ ለዳቦ መጋገሪያ የሚሆነውን ወረቀት አድርጉና ቀለሙን እዚያ ላይ አስቀምጡ። ለቀናት ይቆያል። ብሩሹ ግን አይጠብቅም፤ ፀጉሩ ሥር ደረቀ ማለት ሞተ ማለት ነው። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ወዲያው ይታጠብ፤ በፀጉሩም ጣሳ ውስጥ አይቁም።

ቅርጽ ላይ አልቆይም፤ አንድ ነገር ብቻ። የሲኒ አፍ ከጎን ሲታይ ሞላላ ነው፤ የእንቁላል ዓይነት ሹል ጫፍ ግን የለውም፤ በሁለቱም ዳር ይታጠፋል እንጂ አይቀስርም። አንጎላችን ደግሞ «ሲኒ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል» ብሎ ስለሚያውቅ ሥሩን በቀጥታ መስመር ያስሠራናል። ከላይ ቁልቁል ስታዩት ግን የሥሩ ሞላላ ከአፉ ይልቅ ክብ ወደ መሆን ይጠጋል፤ ከዓይናችሁ ከፍታ ይበልጥ ርቋልና። የሰው ፊት ላይም ያው ነው። ዓይን የሚገኘው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርቀት እኩሌታ አካባቢ ነው፤ ሁላችንም ግን ወደ ላይ እናወጣዋለን፤ ፊት ማለት ለእኛ ከዓይን እስከ አፍ ያለው ነውና። እንዲህ ዓይነቱ ዕውቀት ሲያስቸግራችሁ ፎቶውን ዘቅዝቃችሁ ሳሉት። የተዘቀዘቀ ዓይን ስም የለውም፤ የምታዩት መስመር ብቻ ነው።

ስለ መስኮት ግን እቆያለሁ፤ የውጭ መጻሕፍት እዚህ ላይ ያሳስቱናል። ሁሉም «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፈልግ፤ ፀሐይ አይገባበትምና ብርሃኑ አይለዋወጥም» ይላሉ። ይህ ለለንደንና ለፓሪስ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከራሳችን በላይ አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በእነዚያ ወራት የሰሜኑ መስኮት ፀሐይ ያገኛል፣ የደቡቡ ነው የሚረጋጋው። በቀሪው ዓመት ይገለበጣል። እኔ ጠረጴዛዬን በዓመት ሁለት ጊዜ አዞራለሁ። መስኮቱ አንድ ብቻ ከሆነ ነጭ ስስ መጋረጃ ይበቃል። ማታ በቢጫማ አምፑል ሥር የተሠራ ሥዕል ደግሞ ጠዋት ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ በዚያ ብርሃን ነጭና ፈዛዛ ቢጫ አይለዩም፣ ሰማያዊውም ከሆነው በላይ ጨለማ ይመስላል። ማታ በእርሳስ ወይም በጥቁርና ነጭ ሥሩ፤ ቀለሙን ለቀን አቆዩት።

ልምምዱስ? ትልቅ ሸራ ላይ ሦስት ወር አትቀመጡ። አንድ ወረቀት አራት ቦታ ክፈሉና ያንኑ ጀበና አራት ጊዜ ሥሩት፣ እያንዳንዱን በሃያ ደቂቃ፣ ምቹ ከሚመስላችሁ ብሩሽ አንድ ቁጥር በሚበልጥ። ቀጭን ብሩሽ ዝርዝር ያስለቅመናል። ትልቅ ብሩሽ ፍርሃትንም ያስለቅቃል፤ እንግሊዛዊው ፖለቲከኛ ዊንስተን ቸርችል እ.ኤ.አ. በ1915 ከባሕር ኃይል ሚኒስትርነቱ ወርዶ በተከፋበት በጋ፣ በአርባ ዓመቱ ነው ሥዕል የጀመረው። ነጩ ሸራ ፊት ደንግጦ የባቄላ ፍሬ የምታህል ሰማያዊ ነጥብ ብቻ ነክቶ ቆሞ ሳለ፣ የሠዓሊው የጆን ላቨሪ ባለቤት ደረሰችና ትልቁን ብሩሽ ተቀብላ ሸራውን በሰማያዊ ስትገርፈው ፍርሃቱ እንደለቀቀው ራሱ ጽፏል። ከዚያ ወዲያ ዕድሜውን ሙሉ ሳለ። ጣሊያናዊው ጆርጆ ሞራንዲ ደግሞ በቦሎኛ ከተማ እቤቱ ውስጥ ያንኑ ጠርሙስና ማሰሮ አቀማመጡን እየቀያየረ ለአሥርት ዓመታት ሠርቶ በ1964 አረፈ። ዕቃው አላለቀበትም።

እውነተኛ ሥዕል ፊት መቆምም ያስፈልጋል። ስልክ ላይ ሁሉም ሥዕል አንድ መዳፍ ያክላል፣ የቅቡ ውፍረት አይታይም። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ በዩኒቨርሲቲው ሥር ያለው በሠዓሊው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተጠራው ማዕከል ሄዳችሁ ከሥራዎቹ አንዱን መርጣችሁ ሩብ ሰዓት ቁሙበት። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ ብሩሹ የሄደበት እስኪታይ ቅረቡ። የት ጠርዙ ሹል ነው? የት ጠፋ? ከሁሉ የሚነጣው ቦታ ከምን ጎን ተቀመጠ? የራሳችሁን ሥራ ደግሞ በመስታወት እዩት። ግራው ቀኝ ሲሆን አንጎል የለመደውን ሥዕል ያጣና የተጣመመው ጀበና ወዲያው ያስታውቃል።

እትዬ ከዚያ እሁድ ወዲህ ጀበናውን ዐሥራ ሰባት ጊዜ ሠርተውታል፤ የእያንዳንዱን ቀን እንደ ሕሙማን ካርድ ከጀርባው ይጽፋሉ። የመጨረሻውን ባለፈው ሳምንት አምጥተው ማቀዝቀዣው ላይ አስደግፈውት ሁለታችንም እስከ በሩ ወደ ኋላ ሄድን። በቀኝ በኩል የጀበናው ጎን ጨለማው ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል፤ ሥሩ ላይ ያቺ ቀጭን ጥቁር መስመር አለች፤ ጀበናው ተቀምጧል። ሲኒው ላይ አንዲት ጠብታ ንጹሕ ነጭ የለም፤ ግን ነጭ ነው። ቀዳዳ ያላትን የብስኩት ካርቶን አሁን በመነጽራቸው ቤት ውስጥ ይዘዋት ይዞራሉ። ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ አውጥተው የሹፌሩን ነጭ ሸሚዝ በጥላው በኩል ሲያዩበት፣ ጎናቸው የተቀመጠች ልጅ «እማማ፣ ምን እያዩ ነው?» አለቻቸው። ካርቶኗን ሰጧት።